ጭላዳው አለ፣ ሰውየው የታለ?

ልብስ እየተኮስኩ ነበር። የቤቱ ትንሽ ልጅ ምንጣፉ ላይ ተንጋሎ ቴሌቪዥን ያያል፤ እኔም አንዴ የሚስተርን ሸሚዝ፣ አንዴ ስክሪኑን አያለሁ። የተራራ ፊልም ነው፣ በአረብኛ ተተርጉሟል። ድንገት ገደል አፋፍ ላይ ደረቱ የቀላ፣ ጋማው እንደ አንበሳ የተንዘረፈፈ እንስሳ ብቅ አለ። ካውያው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። «ይሄ እኮ የኔ አገር ነው!» አልኩት። ልጁ ዞር ብሎ አየኝ፣ መልሶ ስክሪኑን አየና «እዚያ እኮ ሰው የለም» አለኝ።

ልጅ ነው፣ ያየውን ተናገረ። አልተሳሳተምም። እኔ ግን ቃሉ ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀኝም። ወጥ ቤት ስገባ ይመጣል፣ በረንዳ ሳጥብ ይመጣል። የተወለድኩት መንዝ ነው። በግ ስጠብቅ ከጭላዳ ጋር አንድ ሜዳ ላይ ውያለሁ፤ ገብስ ውስጥ ሲገቡብን በወንጭፍ አባርሬያለሁ፤ ማታ ወደ ገደላቸው ሲወርዱ እያየሁ «መሸ፣ በጎቹን እንመልስ» ብያለሁ። ሰዓታችን እነሱ ነበሩ። ስለዚህ አሥረኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች ሴት የዓለምን ፊልም ልትተች ተነሳች ብሎ የሚስቅ ካለ፣ መጀመሪያ ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ከጭላዳ ጋር ስንት ክረምት እንደዋሉ ይጠይቅልኝ።

ፊልሙ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2006 ያቀረበው «ፕላኔት ኧርዝ» የሚባለው ተከታታይ ነው፤ ያየሁት ደግሞ ስለ ተራሮች የሚናገረውን ክፍል። በእንግሊዝኛ ተራኪው ዴቪድ አተንቦሮ ነው። በኋላ እሁድ ዕረፍቴ ላይ በስልኬ ሁለት ጊዜ ደግሜ አየሁት። ከኤርታ አሌ እሳት ተነስቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ዓለም ተራራ ይሻገራል። የእኛ ድርሻ ጥቂት ደቂቃ ናት።

መልካሙን ሳልናገር ብነቅፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ። ካሜራው ትዕግሥት አለው። ጭላዳው ቁጭ ብሎ ሣሩን በጣቶቹ እየነጨ ሲበላ በቅርበት ታያላችሁ። ሌላው ዝንጀሮና ጦጣ ፍሬ ፍለጋ ዛፍ ለዛፍ ሲዞር ይሄ ግን ኑሮው ሣር ላይ ነው፤ እንደ በግ ይግጣል ማለት ይቻላል፣ ልዩነቱ በእጁ መሆኑ። ዋልያውም አጠገቡ ሣር ሲበላ ይታያል። ለእኔ ጭላዳ ዕድሜ ልኬን የገብስ ሌባ ነበር። ጣቶቹ እንዲህ ቀጭንና ፈጣን መሆናቸውን ያየሁት ቤይሩት ላይ፣ የሰው ሳሎን ውስጥ፣ በቴሌቪዥን ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚያሳይ ፊልም ከንቱ አይደለም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ያ ፊልም በተሠራበት ዘመን እዚያው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ግጭ የሚባል መንደር ነበር። ሰዎቹ ገብስ ይዘራሉ፣ ከብትና በግ ያረባሉ፣ ይጋባሉ፣ ይቀበራሉ። ጭላዳውም ዋልያውም ጎረቤታቸው ነበር። በፊልሙ ውስጥ ግን የአንዲት ጎጆ ጭስ እንኳ አይታይም። ተራራው ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሰው እግር ያልረገጠው ሆኖ ነው የቀረበው። ይሄ የእኛ ፊልም ብቻ ችግር አይደለም፤ የዚህ ዓይነት ፊልም ልማዱ ነው። ካሜራው አጥሩን፣ መንገዱን፣ እረኛውን እየዘለለ ያልፋል፤ ተመልካቹ «ንጹሕ ተፈጥሮ» አየሁ ብሎ እንዲደሰት።

«ታዲያ ምን አለበት? ፊልሙ ስለ እንስሳ ነው» ያለችኝ ጓደኛ አለች። አለበት። ተራራው ባዶ ነው ብሎ ያመነ ሰው በኋላ እዚያ ገበሬ ሲያይ ገበሬው መጤ ይመስለዋል። የሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ በ2017 ከዝርዝሩ ወጣ። በመካከሉ፣ በ2016፣ የግጭ ሰዎች ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ ሄዱ። ፊልሙ አስነሣቸው አልልም፤ እንዲህ ብል ውሸት ነው። የከብታቸው ብዛት ግጦሹን አልጎዳውም ብልም እንዲሁ። እኔ የምለው፣ ሰዎቹ ከቦታው ከመነሣታቸው አሥር ዓመት በፊት ከሥዕሉ ተነሥተው ነበር። ሥዕል ላይ የሌለ ሰው ሲነሣ ማን ያስተውለዋል?

ይሄን ነገር እኛ እዚህ ያለነው በደንብ እናውቀዋለን። ማዳም ለበዓል ጠረጴዛውን ፎቶ ታነሣለች። ወረቅ ዒናቡ አንድ በአንድ ተጠቅልሎ ተደርድሯል፣ ታቡሌው ጤዛ እንደነካው ያበራል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የቆመች እግር ፎቶው ውስጥ የለችም። ፎቶው ቆንጆ ነው፤ ቆንጆ አይደለም አላልኩም።

እኛም ራሳችን ከዚህ ነፃ አይደለንም። ማንኛችን ነን የቀይ ቀበሮ ፎቶ «አገሬ!» ብለን ያልለጠፍን? እኔ ለጥፌያለሁ። ከሥሩ መቶ ልብ ተደርድሮልኛል። ያ ቀበሮ እስካሁን በሕይወት የቆየው ማን ምን ስላደረገለት ነው ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጻፍኩ።

ባለፈው ጊዜ በማኅበራችን አዳራሽ ሌላ አጭር ፊልም አብረን አይተናል፤ ጄረሚ ሲፈርት የሠራው፣ ስለ ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች። ይሄኛው ከመጀመሪያው በብዙ ይሻላል። ሰው አለበት። ቄስ አለበት፣ ጸሎት አለበት፣ ስለ ዛፉ የሚናገር የአገር ልጅ አለበት፦ የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ። ብዙዎቻችን የምናውቀው «እመጓ»ን በመጻፉ ነው፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ሽፋኑ አልቋል። ሰውየው ከሥነ ጽሑፉ ሌላ የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለብዙ ዓመታት ያጠና ነው። ከብት እንዳይገባ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆኖ ደክሟል። ድንጋዩ ደግሞ ከገበሬው ማሳ የሚለቀም ነው። ገበሬው ማሳው ይጠራለታል፣ ደኑ አጥር ያገኛል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከቢሮ አይወጣም፤ ሰዎቹ ጋ ቁጭ ብሎ ከማየት ነው።

ግን ከዚህም ፊልም ጋር አንድ ጠብ አለኝ፤ የጠቡ ባለቤት ደግሞ እኔ ሳልሆን ከደብረ ታቦር አካባቢ የመጣች እህታችን ናት። ካሜራው ከሰማይ ሆኖ ሲያይ ደኑ አረንጓዴ ክብ ነው፤ በዙሪያው ያለው ሁሉ ቡናማ፣ የተራቆተ መሬት። ተመልካቹ ወዲያው ይገባዋል፦ አረንጓዴው ሕይወት፣ ቡናማው ሞት። መብራቱ ሲበራ ይህቺ እህት እጇን አውጥታ «ያ ቡናማው እኮ የአባቴ የጤፍ ማሳ ነው» አለች። «በበጋ ነው ያነሱት። ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ገለባው ሳይቀር ተለቅሟል። መስከረም ላይ መጥተው ቢያነሱት የቱ ደን የቱ ማሳ እንደሆነ ይጠፋባቸው ነበር!» ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም። «በዚያ ቡናማ ነው እኔን ያሳደጉኝ» አለች።

ልክ ናት፣ ግን ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለችም። በሚያዝያ ከሰማይ የሚታየው እርቃን እውነት ነው፤ ያ ሁሉ ማሳ በአያቶቻችን ዘመን ዛፍ የነበረበት ብዙ ነው፤ ደኑ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የተሰበሰበው ሌላ መጠጊያ ስላጣ ነው። የፊልሙ ጉድለት ውሸት መናገሩ አይደለም። ከፍታው ነው። ከዚያ ላይ ሆኖ ደን የሚታየውን ያህል፣ ያ ገበሬ ለምን እስከ ካቡ ጫፍ ድረስ እንደሚያርስ አይታይም። ስንት ልጅ አለው? ማሳው ለስንት ተከፈለ? ማገዶው ከየት ይመጣል? ለዚህ ካሜራው ወርዶ ደጃፉ ላይ መቀመጥ ነበረበት።

እንግዲህ የእኔን ተራራ ላምጣ፤ በትዝታ ለመመጻደቅ አይደለም፣ እነዚህ ሁለት ፊልሞች ያላሳዩት ነገር በግልጽ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። ጓሳ ይባላል። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ በመካከሉ ያልፋል፤ በመኪና ያለፋችሁ ብርዱን ታስታውሳላችሁ። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ደጋ ሜዳ ነው፤ ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ጅብራ በየቦታው እንደ ዘበኛ ቆሟል። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠንካራ ሣር ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛ ዝናብ የሚከላከልበት ጌሳ ይሠራበታል። በዚያ ብርድ ያለ ጓሳ ቤት የለም፣ ያለ ባና እንቅልፍ የለም።

ይሄ ሜዳ እስከ ዛሬ ሳይታረስ የቆየው ሰው ስላልደረሰበት አይደለም። ሰው ስለደረሰበት ነው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የመንዝ ባላባቶች ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ያስተዳድሩት ነበር (በቅርብ ዓመታት በዜና የሰማችሁት ቄሮ እንዳይመስላችሁ፤ ስሙ ገጠመ እንጂ ነገሩ ሌላ ነው)። አለቃ ይመረጣል፤ ሣሩ ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ አንድ ሰው አንዲት ማጭድ ይዞ እንዳይገባ ይጠበቃል። ሣሩ ሲደርስ በበጋው ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ሕዝቡ ይገባል፣ ያጭዳል፣ ሣሩ ካለቀ በኋላ ከብት ይገባል። ሐምሌ 5፣ የሐምሌ አቦ ዕለት፣ ይዘጋል። መዝጊያው የቤተ ክርስቲያን በዓል መሆኑን ልብ በሉልኝ። ሰው ዳኛን ሊያታልል ይችላል፤ አቦን የሚዳፈር ግን ጥቂት ነው።

ማንም እንስሳ ላድን ብሎ አልዘጋውም። ለጣሪያው፣ ለገመዱ፣ ድርቅ ሲመጣ ለከብቱ መጠጊያ ብሎ ነው የዘጋው። ቀይ ቀበሮ ግን ሣሩ ሥር ገባ። በሣሩ ሥር አይጥ ይራባል፤ ቀይ ቀበሮ አይጥ በላ ነው፣ መንዝ ውስጥ የበግ ጠላት ተብሎ በክፉ የሚታወቀው እሱ ሳይሆን ሌላው ቀበሮ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ጓሳ። እዚያው ጓሳ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት አንድ የሚያስቅ ነገር አግኝቷል፦ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል ገብቶ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲያድን 25 በመቶ ብቻ። ጭላዳዎቹ ልጆቻቸውን ሊበላ የሚችለውን አውሬ ዝም ይሉታል፤ እሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም። እኛ እረኞቹ ይሄን እናይ ነበር። ቀበሮው እንደ እንግዳ ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ በመካከላቸው ሲሄድ። «ጓደኛሞች ናቸው» ነበር የምንለው። በመቶኛ መቆጠሩን ማን አስቦ!

አሁን ይሄን ታሪክ ፊልም ሠሪ ቢያገኘው የሚያደርገውን አውቃለሁ። ቀበሮውንና ጭላዳውን ይወስዳል፣ ሐምሌ አቦን ይተዋል። ወይም ደግሞ፣ ይሄ አዲሱ ፋሽን ነው፣ «ጥበበኛ ገበሬዎች ከተፈጥሮ ጋር ተስማምተው» ብሎ አባቶቻችንን ወደ መላእክት ያወጣቸዋል። ይሄኛውም አይጥመኝም። ቄሮ ለሁሉም አልነበረም። ሣሩ የአጽመ ርስት ባለቤቶች ነው፤ ከአቅኚ አባቶች የሚቆጠር ዘር ያለው ያጭዳል፣ የሌለው ያያል። ጭሰኛው፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ ቤቱን በምን ከደነ? ቅጣቱም ቀላል አልነበረም፤ በስርቆት በታጨደ ጓሳ የተከደነ ቤት በእሳት እስከ መለቀቅ ይደርስ ነበር ሲሉ ሽማግሌዎች ይናገራሉ። በ1967 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ታውጆ ርስት ሲሻር ቄሮም አብሮ ወደቀ። ለዘመናት በር ላይ ቆመው ለነበሩ ሰዎች ያ ቀን የፍትሕ ቀን ነው። ለሣሩ ግን ክፉ ቀን ሆነ፤ የሁሉም ሲሆን ጠባቂ አጣ፣ ታጨደ፣ ተጋጠ፣ ጫፍ ጫፉ ታረሰ። ሁለቱም እውነት ናቸው። አንዱን ብቻ የሚያሳይ ፊልም፣ የቱንም ቢያሳይ፣ ግማሽ ፊልም ነው።

ከዚያ የሆነው ነገር ለእኔ ከቀበሮው ይበልጥ ይገርመኛል። ሰዎቹ እንደገና ተሰበሰቡ። በጓሳ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች ኮሚቴ አቁመው፣ ደንብ አውጥተው፣ ሣሩን መዝጋትና መክፈት ጀመሩ። አሁን ዘር አይጠየቅም፤ ነዋሪ መሆን ይበቃል። ከራሳቸው ልጆች ጠባቂ ቀጠሩ። የክልሉ መንግሥትም በሕግ አወቀላቸው፤ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተባለ። ማለትም ባላባት የሌለበት ቄሮ ሠሩ። ስብሰባው ስንት ቀን ፈጀ? ማን ተቆጣ፣ ማን ተሳደበ፣ ማን «የኔ በግ ምን ይብላ?» ብሎ ጥሎ ወጣ? ሴቶቹ ስንት ነበሩ፣ ቃል ተሰጣቸው ወይ? እኔ ብሆን ካሜራውን የምተክለው እዚያ ስብሰባ ውስጥ ነው። ጭላዳው በመስኮት ቢታይ ይበቃኛል።

ይሄን ሁሉ ስጽፍ ግን የማልሸሸው ነገር አለ፤ እኔም ፊልሙ ውስጥ አለሁ። ስሜ የለም እንጂ ብሬ አለ።

ቤይሩት በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ለእናቴ የቆርቆሮ መግዣ ላክሁ። የሰፈሩ ሁሉ ኩራት ነበር፦ «ልጅቷ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰችው።» እኔም እዚህ ኮራሁ። ለጓሳ ጥሩ ያደረግሁ ሊመስላችሁ ይችላል፤ አንድ ቤት ከሣር ወጣ፣ ማጭዱ ተቀነሰ። እኔም እንዲህ ብዬ ራሴን አጽናንቼ ነበር። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ቤቱን በጓሳ የከደነ ሰው ጓሳ ሲታረስ ዝም አይልም፤ ጣሪያው ነውና። ቆርቆሮ የከደነ ሰው ምን ገዶት? ሣሩ የማያስፈልገው ሕዝብ ሣሩን ለምን ይጠብቃል? ለቀበሮ ብሎ? ለፈረንጅ ብሎ? አባቶቻችን የጠበቁት በፍቅር ሳይሆን በችግር ነበር፣ እኔ ደግሞ ችግሩን በዶላር ከቤታችን አስወጣሁት። እናቴ በበኩሏ ስልክ ላይ የምትለኝ ሌላ ነው፦ «ልጄ፣ ምስጋናው ይድረስሽ፤ ብቻ ሌሊት ይበርዳል። በረዶ ሲጥል ደግሞ እንኳን ሰው፣ ጸሎትም አይሰማም።» ጓሳ ክዳን ይሞቃል። ይሄን ረስቼው ነበር።

በጉም እንዲሁ ነው። ወንድሜ በላክሁለት ብር በግ ገዛ፣ በጉ ወለደ፣ ጎረቤቱም የጅዳ ልጁ በላከችለት እንዲሁ አደረገ። የመንዝ በግ ብርድ ይችላል፣ ጠጉሩ ባና ይሆናል፣ ለእኛ ባንካችን ነው። የበልግ ዝናብ ሲቀር ገብሱ ይከዳል፣ በጉ አይከዳም። ስለዚህ ሁላችንም በግ ላይ እናስቀምጣለን። ሁሉም በግ ደግሞ የሚያየው ወደ አንድ ሜዳ ነው። ከበጉ ጋር ውሻ ይሄዳል፤ ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮዎችን ደጋግሞ የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ የተነሣው ከእረኛ ውሻ ነው። ውሻን ማስከተብ ከቆርቆሮ በእጅጉ የረከሰ ነው፤ ለዚያ ብላ ገንዘብ የላከች እህት ግን እስካሁን አልሰማሁም። እኔም አላክሁም።

«አንቺ ደግሞ አበዛሽው፤ በድካማችን ቤተሰብ ጠቀምን እንጂ ምን በደልን?» የምትለኝ ትኖራለች። በደልን አላልኩም። እናቴ ከዚያ ጭስ ቤት መውጣት ነበረባት። የምለው፣ ስለ አገራችን ተራራ የሚነገረው ታሪክ ውስጥ ገበሬው ሲቀር፣ ገበሬውን ደግፎ ያቆመው የእኛ እጅም አብሮ ይቀራል ነው። ፈረንጁ ተራራውን ሲያይ እኛን አያይም፤ እኛም ተራራውን ሲያሳዩን ራሳችንን ፈልገን አናጣም፣ ምክንያቱም አንፈልግም። ፎቶውን እንለጥፋለን፣ ልብ እንቀበላለን።

ወንድሜ ባለፈው ወር ቪዲዮ ላከልኝ፤ ደቂቃ አይሞላም። ይንቀጠቀጣል፣ ነፋሱ ድምፁን በልቶታል። ሁለት የጓሳ ጠባቂዎች ባና ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ አንደኛው በዱላው እየጠቆመ «አታንሣን!» ይላል፣ ግን ይስቃል። ኩበት የተሸከመች ሴት ታልፋለች፣ ዞራ አታይም። ከወዲያ ማዶ በጎች፤ ከበጎቹ ወዲያ ጥቋቁር ነጥቦች፣ ጭላዳዎች ናቸው፤ ካላወቃችኋቸው ቁጥቋጦ ትሏቸዋላችሁ። ሣሩ ረዝሟል፤ ዘንድሮ አልተከፈተም። ለትንሹ ልጅ አሳየሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ሰዎቹን ቆጠረና ወደ መኪናዎቹ ተመለሰ። ቴሌቪዥን ላይ ካየሁት ይሄ ይበልጥብኛል፤ ሁሉም ባለበት ቦታ ነው ያለው።

ቪዲዮው ሊያልቅ ሲል ወንድሜ ስልኩን ወደ ራሱ ያዞራል፣ አፍንጫው በብርዱ ቀልቷል። «የላክሽው ደርሷል» ይላል። «የማድ ቤቱን ጣሪያ ቆርቆሮ ልጨርስበት ወይስ በግ ልጨምርበት? ወይስ ኮሚቴው ሣሩን ዘንድሮ ከከፈተ በጓሳ ልክደነውና ብሩ ይቀመጥ? እናታችን ጓሳ ነው የምትለው። ቶሎ ንገሪኝ።»

እስካሁን አልመለስኩለትም።